ለመለሰው ሰው ምን ይሰጠዋል?

በወልቂጤና በቡታጅራ የጠፋ ዕቃ እንዴት ወደ ባለቤቱ እንደሚመለስ ብዙ ሰው ያውቃል። ባለቤቱ ለመለሰለት ሰው ምን ማድረግ እንዳለበት ግን ዛሬም ያከራክራል።

ወንበር ሥር የሚቀረው

ከአዲስ አበባ የተነሣ መኪና ወልቂጤ መናኸሪያ ገብቶ ሰው ካራገፈ በኋላ ረዳቱ ወዲያው አይወርድም። ከኋላ ወንበር ይጀምርና እያጎነበሰ ወደ ፊት ይመጣል፤ ወንበር ሥር እጁን ይሰዳል፣ ከመስኮቱ በላይ ያለውን የዕቃ ማስቀመጫ ይዳብሳል። የሚበዛው የውኃ ላስቲክና የሙዝ ልጣጭ ነው። ጃንጥላ፣ የቻርጀር ገመድ፣ አንድ እግር የሕፃን ጫማ ይከተላሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ በወንበሩና በመኪናው ግድግዳ መካከል የተሸጎጠ ሰፊ ቡናማ ፖስታ ይወጣል። ውስጡ የኤክስሬይ ፊልም፣ የላቦራቶሪ ውጤት፣ ጥግ ጥጉ የታጠፈ የቀጠሮ ወረቀት አለ።

ፖስታው ለረዳቱ ሰባራ ሳንቲም አያወጣለትም። ለባለቤቱ ግን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት እያደረ፣ ሌሊት ተነሥቶ ወረፋ እየያዘ የሰነበተበት ድካም ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ረዳቶች ገንዘብ ካለበት ቦርሳ ይልቅ የሚያስጨንቃቸው ይኼ ነው ይላሉ። ቦርሳ የጠፋበት ሰው ራሱ እየሮጠ ይመጣል፤ ፖስታ የጠፋበት በሽተኛ ቤቱ ገብቶ ተኝቷል። ስለዚህ ፖስታው ወደ ስምሪት ክፍል ይወሰዳል፣ ካርዱ ላይ ያለው ስም ይነበባል፣ «የዚህን አገር ሰው የሚያውቅ አለ?» እየተባለ ይጠየቃል። የአባትና የአያት ስም ከተነበበ አንድ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ቡታጅራም ነገሩ ያው ነው። ከተማዋ ግራርቤት የዓይን ሆስፒታል ስላለባት ዓይኑን የሚታከም ሰው ከቅርብም ከሩቅም ይመላለስባታል። አንድ ዓይናቸው በፋሻ የተሸፈነ አባት ከመኪና ሲወርዱ የልጅ ልጃቸው እጃቸውን ይዞ ይመራቸዋል፤ ልጁ የአያቱን እግር ሲጠብቅ ፌስታሉ ወንበር ላይ ይቀራል። መድኃኒቱም፣ መነጽሩም፣ የመመለሻ ገንዘቡም እሱ ውስጥ ነው።

ሁለቱን ከተሞች ያሳደጋቸው መንገድ ነው። ወልቂጤ በጅማ መስመር ላይ፣ ከአዲስ አበባ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቡታጅራ በሆሳዕና መስመር፣ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ። ለረጅም ጊዜ በአንድ ዞን ሥር ነበሩ፤ ዛሬ ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ናት። የቡታጅራን መስመር ለመክፈት በ1950ዎቹ ሕዝቡ ራሱ ገንዘብ አዋጥቶ የመንገድ ሥራ ማኅበር አቋቁሞ እንደነበር ሽማግሎች ዛሬም በኩራት ያነሡታል። በመዋጮ የተሠራ መንገድ ላይ የወደቀ ዕቃ እንደማንኛውም መንገድ ላይ እንደወደቀ ዕቃ አይታይም ቢሉ አልፈርድባቸውም፤ ትንሽ ማጋነን ቢኖርበትም።

ቁጥር የተጻፈበት ኬሻ

የሚጠፋው ተሳፋሪ ይዞት የተሳፈረ ዕቃ ብቻ አይደለም። ብዙው ዕቃ ያለ ባለቤቱ ነው የሚጓዘው። መርካቶ ሱቅ ያለው ልጅ ለእናቱ ስኳር፣ ዘይትና ብርድ ልብስ በኬሻ አስሮ ለሾፌር ይሰጣል። እናት በበኩሏ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ፣ ከላዩ ቅቤ አድርጋ ትልካለች። ኬሻው አፉ በሲባጎ ተሰፍቶ፣ ሆዱ ላይ በጥቁር ማርከር ስምና ስልክ ይጻፍበታል። ልምድ ያለው ላኪ ሁለት ቁጥር ይጽፋል፤ አንዱ የተቀባይ፣ ሌላው የራሱ። ከዚህም የባሰ ጥንቁቅ የሆነው ያንኑ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ኬሻው ውስጥ ይከታል፤ ዝናብ ማርከሩን ቢያጥበው እንኳ ውስጡ አለ።

በመስቀል ሰሞን ይኼ ሁሉ ይደባለቃል። አዲስ አበባ ያለ ጉራጌ ከያለበት ተነሥቶ አገሩ ይገባል፤ ለአረፋ ደግሞ ሙስሊሙ በተራው ይጎርፋል። መኪናው ጣሪያ ላይ ኬሻ በኬሻ ይደራረባል። ወሊሶ መውረድ የነበረበት ወልቂጤ ይገባል፣ ቡኢ መቅረት የነበረበት ቡታጅራ ይራገፋል፣ የአንዱ ብርድ ልብስ ከሌላው ጋር ይለዋወጣል። ማታ መናኸሪያው ሲጸዳ ባለቤት ያልጠራው ኬሻ ግድግዳ ተደግፎ ይቀራል።

ያን ጊዜ ያገኘው ሰው የሚያደርገውን ልብ ብሎ ላየ፣ ሥራው ቀላል አይደለም። ቆጮው ይቆያል፤ ቅቤው ግን ይቀልጣል። ስለዚህ ኬሻውን ከፀሐይ ያነሣል፤ አጠገቡ ሻይ የምትሸጥ ሴት ካለች «እስቲ ጥላ ሥር አድርጊልኝ» ይላታል። በራሱ ካርድ ይደውላል። የመጀመሪያው ቁጥር ዝግ ነው። ሁለተኛው ይነሣል፤ ያነሣው ሰው ግን መርካቶ ግርግር ውስጥ ስለሆነ አይሰማም፤ ደግሞ ይደወላል። በመጨረሻ ባለቤቱ ይገኝና «እባክህ ወንድሜ፣ በሚቀጥለው መኪና ላክልኝ» ይላል። ሌላ ሾፌር ተለምኖ፣ ኬሻው እንደገና ታስሮ ይሄዳል።

ለምን ይህን ሁሉ ይደክማል? ተራ አስከባሪዎችና ጫኝ አውራጆች የሚሰጡት መልስ ቁጥሩ ላይ ያርፋል። ስምና ስልክ የተጻፈበት ዕቃ መንገድ ላይ የወደቀ ሳይሆን አደራ ነው። አደራ ደግሞ ጥብቅ ነው፤ «አደራ በላ» ከተባለ ሰው ጋር መናኸሪያ ውስጥ ማንም ዕቃ አይጭንም። ስም የሌለው ፌስታል ከሆነ ግን ክርክሩ ይጀመራል። ሾፌር «ረዳቱ ነው ያገኘው» ይላል፣ ረዳቱ «ስምሪት ነው የሚያውቀው» ይላል፣ ሁለት ቀን ሳይሞላ ፌስታሉ የት እንደገባ የሚናገር ይታጣል።

«ስልክ ያለበት ኬሻ ባለቤቱ አብሮት ተሳፍሯል ማለት ነው።»

ከጊቤ ድልድይ በታች

ዕቃ ላይ ስምና ስልክ መጻፍ የመናኸሪያ መላ ብቻ አይደለም፤ ወንዝ ላይም ይሠራል። ከወልቂጤ ወደ ጅማ የሚወርድ መኪና የጊቤን ሸለቆ ያቋርጣል። ዋቤን የመሰሉ የጉራጌ ወንዞች የሚገቡት እዚህ ነው፤ ጊቤ ወደ ደቡብ ሲወርድ ደግሞ ኦሞ ይሆናል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ጥቂት አሜሪካውያን ወጣቶች የጎማ ጀልባ ነፍተው ኦሞን ቀዘፉ። ያቋቋሙትን ድርጅት ሶቤክ አሉት፤ የጥንት ግብፆች የአዞ አምላክ ስም ነው፤ አዞ የበዛበት ወንዝ ለሚወርድ ሰው መቼም ተስማሚ መጠሪያ ነው። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ክረምቱ ሲወጣ የጊቤ ድልድይ የኦሞ ቀዛፊዎች መነሻ ሆኖ ቆየ።

ፈጣን ወንዝ ከእጅ የነጠቀውን አይመልስም። ጀልባ ሲገለበጥ መቅዘፊያው፣ ኮፍያው፣ ውኃ የማያስገባው ቦርሳ በየፊናው ይሄዳል። በዓለም ዙሪያ ወንዝ የሚቀዝፉ ሰዎች ለዚህ የዘየዱት መላ ከመርካቶው ልጅ አይለይም፤ በመቅዘፊያውና በጀልባው ላይ በማይለቅ ቀለም ስምና ስልክ ይጽፋሉ። ከታች ያለ ዓሣ አጥማጅ ወይም እረኛ አግኝቶ ይደውላል። እነሱ ዘንድ ግን ስልኩ ሌላም ጥቅም አለው። ባዶ ጀልባ ወንዝ ላይ ተንሳፍፎ ከታየ ሰው ሰጥሟል ተብሎ ፍለጋ ይወጣል፤ ባለቤቱ በሕይወት ቤቱ መሆኑ በአንድ ስልክ ከተረጋገጠ ፈላጊው ነፍሱን ለአደጋ አያጋልጥም። ዕቃ የሚመልስ ሰው እዚያ የሚመሰገነው ለዕቃው ብቻ አይደለም።

ጊቤ ላይ ቀድሞ የወደቀ ነገር፣ ገደል ካላስቀረው፣ በኦሞ በኩል ኬንያ ድንበር ላይ ወዳለው ቱርካና ሐይቅ ነበር መንገዱ። በ2009 ዓ.ም. ግልገል ጊቤ ሦስት ከተመረቀ ወዲህ ውኃው ወደ ኋላ ተኝቶ ሰፊ ሐይቅ ስለሆነ፣ የተንሳፈፈ ሁሉ እዚያው ይጠራቀማል።

መብረቅ፣ መስጊድ፣ ስለት

የሰውን ዕቃ መመለስ በዚህ አገር ከሕግም ከስልክም በፊት የነበረ ነገር ነው። አሜሪካዊው የሰው ልጅ ባህል አጥኚ ዊሊያም ሻክ በ1966 እ.ኤ.አ. ስለ ጉራጌ ባሳተመው መጽሐፍ ቦዠ የሚባለውን የመብረቅ መንፈስ ይገልጻል። ሌባና ቤት አቃጣይ ይቀጣል ተብሎ የሚፈራ ነበር። ዛሬ በግልጽ «ቦዠ ይመታኛል» የሚል ወጣት ማግኘት አስቸጋሪ ነው፤ ሆኖም አረጋውያን የሰው ንብረት ወስዶ ዝናብ ላይ ስለወጣ ሰው ሲያወሩ ድምፃቸው ይቀንሳል።

ቡታጅራ ላይ ነገሩን የሚያስረዱት ሼኾች ናቸው። በእስልምና ወድቆ የተገኘ ንብረት ሉቀጣ ይባላል፤ ሥርዓትም አለው። ዋጋ ያለው ነገር ያገኘ ሰው መያዣው ምን እንደነበር፣ በምን እንደታሰረ ልብ ብሎ መያዝ አለበት። ከዚያ ዓመት ሙሉ ያስነግራል። «የእኔ ነው» ብሎ የመጣው ሰው ምልክቱን በትክክል ከተናገረ ይረከባል። ዛሬ ባጃጅ ውስጥ ስልክ ያገኘ ልጅ ደዋዩን «ከለሩ ምንድን ነው? ከቨሩስ?» ብሎ የሚያፋጥጠው ያንኑ ሕግ ሳያውቀው እየፈጸመ ነው። ሌላም ደንብ አለ፤ የጠፋ ዕቃ መስጊድ ውስጥ ገብቶ ማስነገር አይወደድም፤ መስጊድ ለዚህ አልተሠራምና። ስለዚህ ማስታወቂያው ከጁምዓ በኋላ በር ላይ ነው፤ ሰው ጫማውን ሲያጠልቅ ይሰማል።

በክርስቲያኑ በኩል የሚገርመኝ ስለት ነው። ቦርሳዋ የጠፋባት ሴት «ባገኘው ጧፍ አገባለሁ» ብላ ለታቦት ትሳላለች። ቦርሳው በማግሥቱ በአንድ ባጃጅ ነጂ እጅ ይመጣል። ጧፉ ቤተ ክርስቲያን ይገባል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ባጃጅ ነጂው «እግዜር ይስጥህ ልጄ» ተብሎ ይሸኛል። ስለቱን አልነቅፍም። ግን ነዳጁን አቃጥሎ ቦርሳውን ያመጣው ልጁ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ለእሱም አንድ ነገር ማሰብ ስለቱን አያረክሰውም።

ብር የሚገፋፉበት ሰዓት

ዕቃ ተመልሶ ሁለቱ ሰዎች ፊት ለፊት ሲቆሙ የሚሆነው ነገር በሁለቱም ከተሞች ከሞላ ጎደል አንድ ነው። እናት ቦርሳቸውን ተረክበው ሁለት መቶ ብር ያወጣሉ።

«እንካ ልጄ።»

«ኧረ እማማ፣ አልቀበልም።»

«ሻይ ጠጣበት።»

«ጠጥቻለሁ፣ እማማ።»

«እንግዲያው በእናትህ፣ ለነዳጅ እንኳ!»

ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ይመላለሳል፣ ኪስ ውስጥ ይከተታል፣ ተመልሶ ይወጣል፣ አንዳንዴ መሬት ይወድቃል። ልጁ ከእነአካቴው እንቢ ካለ እናት ያዝናሉ፤ «ንቆኝ ነው» ይላሉ። ቶሎ ከተቀበለ ደግሞ አጠገቡ የቆሙት ጓደኞቹ ማታ ይተርቡታል። የሚያዋጣው መንገድ ሁለት ጊዜ እንቢ ብሎ በሦስተኛው የተወሰነውን መቀበል ነው። ቀሪውን ምርቃቱ ይሞላዋል፤ ወልደህ ሳም፣ ያገኘኸው ይበርክትልህ፣ ክፉ አይንካህ። ቡታጅራ ከሆነ «ጀዛከላህ ኸይረን» ይታከልበታል። ምርቃቱ ከብሩ ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ብር የማይሰጡት ናቸው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው። «የማን ልጅ ነህ? አገርህ የት ነው?» አባቱ፣ ቀዬው፣ የእናቱ ወገን ይዘረዘራል። ሲቆፈር ሲቆፈር አንድ የጋብቻ ወይም የጉርብትና ክር ይገኛል፤ ካልተገኘም አንድ የታወቀ ሰው መካከል ይገባል። ከዚህ በኋላ ልጁ መንገደኛ መሆኑ ቀረ። ብር የሰጠ ሰው ሒሳብ ዘግቶ ሊሄድ ይችላል፤ የማን ልጅ እንደሆነ የጠየቀ ሰው ግን ለልጁ ሠርግ ይጠራል፣ በለቅሶው ይገኛል።

አዲስ አበባ ያደገ ልጅ ይህን ሥርዓት አያውቅበትም። ስልኩን ተረክቦ ሒሳብ ቁጥር ይጠይቃል፣ በቴሌብር አምስት መቶ ብር ይልካል፣ «ደርሶሃል?» ብሎ ይሄዳል። በ2013 ዓ.ም. ቴሌብር ከመጣ ወዲህ ይህ ለብዙ ነገር አመቺ ሆኗል። ለዚህ ጉዳይ ግን አንዳንድ የወልቂጤ ባጃጅ ነጂዎች የሚወዱት አይመስሉም፤ ብሩን አይጠሉም፣ የሚጠሉት ኮንትራት እንደሄዱ መቆጠሩን ነው።

ወጪ ሌላ፣ ወሮታ ሌላ

እኔ እንደሚመስለኝ ችግሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ብር ውስጥ መታሰራቸው ነው። ሕጉ ለያይቷቸው ነበር።

ፈረንሳዊው ምሁር ረኔ ዳቪድ ያረቀቀውና በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጠፋ ዕቃ የሚናገርበት ክፍል አለው። ያገኘ ሰው ለሚመለከተው ክፍል ማሳወቅና ዕቃውን መጠበቅ አለበት። ባለቤቱ ሲረከብ ያገኘው ሰው ያወጣውን ወጪ ይተካል። ከዚያ ለብቻው፣ ወሮታ የሚባል ነገር አለ፤ ካልተስማሙ ሁኔታውን አይቶ ዳኛ ሊወስነው ይችላል። በሌላ በኩል የወንጀል ሕጉ በአጋጣሚ ወይም በስሕተት እጁ የገባን የሰው ንብረት የራሱ ያደረገን ሰው ይቀጣል። ወልቂጤ ፍርድ ቤት ሄዶ «ስልክ መልሼለት ወሮታዬን ከለከለኝ» የሚል ሰው ማሰብ ያስቃል። ቢሄድ በከተማው መሳቂያ የሚሆነው ራሱ ነው። ጃፓኖች በዚህ አያፍሩም፤ ሕጋቸው ባለቤቱ ከዕቃው ዋጋ ከ5 እስከ 20 በመቶ ለመለሰው እንዲሰጥ ያዛል፣ ሦስት ወር ባለቤት ካልመጣ ደግሞ ዕቃው ላገኘው ሊሆን ይችላል። ያገኙትን በየሰፈሩ ላለች ትንሽ የፖሊስ ጣቢያ ስለሚያስረክቡ ዕቃው የሚመለሰው በፖሊስ በኩል ነው።

በእኛ ዘንድ የጠፋው ክፍል ወጪው ነው። የአየር ሰዓቱ፣ ነዳጁ፣ ሲጠብቅ ያለፈው ተራ ስጦታ አይደሉም፤ ዕዳ ናቸው። ቀን ሠራተኛ ከሆነ የተቃጠለበት ግማሽ ቀን ማታ ቤቱ ላይ የሚታይ ጉድለት ነው። ባለቤቱ ይህን በቅድሚያ፣ ሳይለመን፣ «ስንት አወጣህ?» ብሎ ቢከፍል የመለሰውን ሰው አያዋርደውም፤ ክብሩን ሳይነካ የሚቀበለው ነውና። ምስጋናው ከዚያ በኋላ ይቀጥላል፤ ምርቃትም ይሁን ቡና ወይም ሌላ። «አልቀበልም» ብሎ የገፋው እጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚገፋው ወሮታውን ነው፤ ከሱ ጋር ወጪውም አብሮ ይሄዳል፣ ድሀው ሁለት ጊዜ ይጎዳል።

«ነዳጁን ክፈለኝና ምስጋናህን እንደፈለግህ አድርገው።»

«አንተ ሌባ» ብሎ የሚጀምር ስልክ

ስለ ስልክ ሳይወራ ይህ ጽሑፍ አያልቅም፤ ዛሬ ከሚጠፋው ዕቃ ሁሉ የሚበዛው እሱ ነውና። ስልክ ከኬሻ ይለያል፤ ተቆልፏል፣ ላዩ ላይ የተጻፈ የለም። ያገኘ ሰው ማድረግ የሚችለው እስኪጠራ መጠበቅ ነው፤ ባትሪው ካላለቀ።

ሲጠራ ግን ብዙ ጊዜ የሚሰማው ስድብ ነው። ባለቤቱ ደንግጧል፣ ተናዷል፤ «አንተ ሌባ፣ ስልኬን የት ነው ያደረስከው?» ብሎ ይጀምራል። በጉብርዬ መንገድ ወደ ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚያመላልሱ ባጃጅ ነጂዎች በዚህ ይማረራሉ። ለመመለስ አንሥቶ ሌባ የተባለ ሰው ወይ ይዘጋዋል፣ ወይ ዋጋ ይጠይቃል፣ ወይ ሲሙን አውጥቶ ይጥላል። ምስጋና የሚጀምረው ርክክቡ ላይ ሳይሆን እዚህ፣ በመጀመሪያው ቃል ነው። «ወንድሜ፣ ስልኬ አንተ ጋ ወድቆ ይሆን?» ያለ ሰው ስልኩን የማግኘት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ርክክቡ ላይም ሌላ ነገር አለ። ቦርሳው ሲመለስ ገንዘቡ ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም? ዕድሜ የገፉት ሰዎች ፊት ለፊት መቁጠር ነውር ነው ይላሉ፤ የመለሰን ሰው እንደመጠርጠር ነው። ወጣት ሾፌሮች ደግሞ «ቁጠሩት!» ብለው ድርቅ ይላሉ፤ ነገ «ሦስት ሺህ ጎደለ» ቢባል ማን ይከራከርላቸዋል? እኔ ከሾፌሮቹ ጋር ነኝ፤ ምስክር ባለበት መቁጠር ለሁለቱም ይበጃል።

ክፉውም አለ፤ አይካድም። በየስልክ እንጨቱ «ላገኘ ወሮታውን እከፍላለሁ» የሚል ወረቀት ከተለጠፈ ወዲህ ወሮታውን እንደ ገበያ የሚቆጥር መጥቷል። መታወቂያ ወይም የትምህርት ማስረጃ ይዞ «ስንት ትሰጣለህ?» የሚል ደላላ ይታያል። ይህ መመለስ አይደለም፣ ማገት ነው። የሚገርመው የሚታገተው ለያዘው ሰው ምንም የማይሠራ ወረቀት መሆኑ ነው። ያ ደላላ ግን ብዙኃኑን አይወክልም። በ2019 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የወጣ ጥናት በ40 አገሮች ከ17,000 በላይ ቦርሳዎችን እንደጠፋ አድርጎ አስረክቦ ማን እንደሚመልስ ተከታትሏል። ገንዘብ ያለባቸው ቦርሳዎች ከሌለባቸው ይልቅ ተመለሱ። ቁልፍ የተጨመረበት ደግሞ ይበልጥ ተመለሰ፤ ቁልፍ ላገኘው አይጠቅም፣ ለጠፋበት ግን በሩ ነው። አጥኚዎቹ ሰው ራሱን ሌባ አድርጎ ማየት ይከብደዋል፣ የማያውቀውም ሰው ያሳዝነዋል ብለው ደመደሙ። የኤክስሬይ ፖስታ ይዞ ባለቤቱን የሚያፈላልገው ረዳት ይህን ሲሰማ «ለዚህ ጥናት ያስፈልጋል?» ቢል አይደንቅም።

ደንበኛ ማድረግ

ወልቂጤም ቡታጅራም የነጋዴ ከተሞች ናቸው፤ ነጋዴ የሚያምነውን ሰው አይለቅም። ስለዚህ ከብሩም ከምርቃቱም ሌላ፣ ማንም ምስጋና ብሎ የማይጠራው ሦስተኛ መንገድ አለ። ቦርሳዋ የተመለሰላት ነጋዴ የባጃጅ ነጂውን ቁጥር ስልኳ ላይ ትመዘግባለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕቃ ስታስጭን የምትደውለው ለእሱ ነው። እህቷን ሆስፒታል ስትልክም በእሱ ነው፤ ለጎረቤቶቿ «እሱን ጥሩት፣ የሰው ነገር አይነካም» ብላ ታወራለች። ገንዘብ የያዘች ዕቁብ ሰብሳቢም ትሰማና ቁጥሩን ትጠይቃለች።

ልጁ ሁለት መቶ ብሩን አልተቀበለም ይሆናል። ዓመት ሳይሞላ ግን ከሁሉ ቀድሞ የሚደወልለት እሱ ነው፤ ሌሎቹ ተራ ሲጠብቁ እሱ በቀጠሮ ይሠራል። ፖሊስ መሸኛ ጽፎ፣ የምስክር ወረቀት ሰጥቶ፣ ፎቶ አንሥቶ የሸለማቸውም አሉ። የምስክር ወረቀቱ በላስቲክ ተሸፍኖ ባጃጁ ፊት ላይ ሲሰቀል ለደንበኛ ማስታወቂያ ይሆናል፤ ለትራፊክ ፖሊስ ግን ምንም አያደርግለትም ብለው ይስቃሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚተርፍ አንድ ችግር አለ፤ ነጂዎቹ ራሳቸው የሚያነሡት። ቦርሳ የሚረሳ ሰው አንዴ ረስቶ አይተውም። ደንበኛ ያደረገቻቸው ያቺው ነጋዴ በሚቀጥለው ወር ጃንጥላዋን፣ ቀጥሎ የሱቁን ቁልፍ ትረሳለች፤ እነሱም መንገድ ሳይጀምሩ ዞር ብለው የኋላውን ወንበር ማየት ለምደዋል።